መንገዱ ያልተነገረለት ጀግና

አርአያ የሚለው ቃል «ርእየ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ርእየ ማለትም አየ ማለት ነው። እንግዲህ የቃሉን ሥር ተከትለን ብንሄድ አርአያ ማለት ታይቶ የሚቀዳ መልክ ነው እንጂ ተሰምቶ የሚደነቅ ወሬ አይደለም። ዝና በጆሮ ይገባል፤ የባለ ዝናውን ሥራና አካሄድ ከቶ ሳያዩ ዝናውን ብቻ መስማት ይቻላል። አርአያ ግን ካልታየ አርአያ ሊሆን አይችልም። እኛ በዚህ ዘመን ሁለቱን አቀላቅለን ዝነኛውን ሁሉ አርአያ እያልን እንጠራዋለን፤ ወጣቱንም «እንደ እገሌ ሁን» ብለን ከመከርነው በኋላ፣ እገሌ እንዴት አድርጎ እገሌን እንደ ሆነ ሳንነግረው እንተወዋለን። በዚህ ጽሑፍ ልነቅፈው የተነሣሁት ይህንኑ የአነጋገር ልማዳችንን ነው እንጂ ጀግኖቹን አይደለም።

የምኖርባት አዳይቱ ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭነው ወደ መሐል አገር የሚወጡ ከባድ መኪናዎች ቀንና ሌሊት ያልፉባታል። በሻይ ቤት ጥላ ሥር የተቀመጠ ወጣት ከመቀመጫው ሳይነሣ ዓለም በፊቱ ሲያልፍ ያያል፤ በአንዱ መኪና ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሥዕል፣ በሌላው ላይ የቦብ ማርሊ፣ በሦስተኛውም ላይ በእንግሊዝ አገር ኳስ የሚጫወት ሰው መልክ ተለጥፎ ይታያል። ሾፌሩም ራሱ ለልጆቹ ጀግና ነው። ገንዘብ አለው፣ አገር ያውቃል፣ የታሸገ ውሃ ገዝቶ ግማሹን ይጠጣና ግማሹን ፊቱ ላይ ያፈስሰዋል። ለአንዲት ጀሪካን ውሃ ተራ በሚጠበቅበት አገር ይህ የመጨረሻው ነገር እንደ ትንሽ ክብር አይቆጠርም።

በዚህ ሸለቆ በሚገኙ ከተሞች ብዙ ዘመን ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በማስተምርበት ዘመን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አንድ የጽሕፈት ሥራ እሰጥ ነበር፤ ይኸውም «ልትመስለው የምትወደው ሰው ማን ነው? ስለ ምንስ ወደድኸው?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያጣ ልጅ አልነበረም። ለሁለተኛውም ቢሆን «ስመ ጥር ስለ ሆነ»፣ «ሀብታም ስለ ሆነ»፣ «አገሩን ስላስጠራ» የሚል መልስ በቶሎ ይመጣል። በኋላ ሦስተኛ ጥያቄ ጨመርሁበት፤ «ያ ሰው አንተን በሚያህልበት ጊዜ ከጧት እስከ ማታ ምን ሲሠራ ይውል ነበር?» አልሁ። በዚህን ጊዜ እርሳሶቹ ሁሉ ቆሙ። ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። መጽሐፉም፣ ራዲዮኑም፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውም ሥዕል ይህን ነግሯቸው ስለማያውቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚጻፍልኝ ስም የአበበ ቢቂላ ነበረ፤ ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ውድድር አሸነፈ። አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ፈጸመ። ኢጣልያኖች ወስደው በአደባባይ ባቆሙት በአክሱም ሐውልት አጠገብም አለፈ፤ አብሮት ሲሮጥ የነበረውን ሞሮኮአዊውን ራዲን በመጨረሻ ጥሎት ሄደ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ልጅ የለም። ሲነገርም ልብን ደስ ያሰኛል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ስሰማው ዕንባዬ ይመጣል።

ነገር ግን ወጣቱ ከዚህ ታሪክ የሚቀዳው ምኑን ነው? «ባዶ እግሩን» የሚለውን ቃል ይዞ ይሄዳል። ባዶ እግር ደግሞ በአዳይቱ ሞልቶ የተረፈ ነው። ልጁ ራሱን ይመለከትና «እኔም ባዶ እግሬን ነኝ፤ ወኔም አለኝ፤ የቀረኝ ሮማ መድረስ ብቻ ነው» ይላል። የተነገረው ታሪክ ከዚህ የተለየ ነገር ስላላስተማረው አይፈረድበትም።

የተቆረጠው ክፍል እንዲህ ነው። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበረ። ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ርቀት እየለካ፣ ሰዓት እየያዘ ያሠለጥነው ነበር። በባዶ እግሩ የሮጠውም ድኽነቱን ለዓለም ሊያሳይ ፈልጎ አይደለም። የተገኘለት ጫማ እግሩን አልተስማማውም፤ በባዶ እግር መሮጥንም አስቀድሞ ለምዶት ነበር። እንግዲህ እኛ ድፍረት አድርገን የምናወራው ነገር የሚያውቁት ሰዎች አስበው የመረጡት ነገር ነው። ለዚህም ማስረጃው ከ4 ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ መሮጡ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ገብቶ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ሮጦት የማያውቀውን ሰዓት አስመዘገበ። ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። በኦሎምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከሰው ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ።

ሁለተኛው ድል እንዲህ ከፊተኛው የሚበልጥ ሆኖ ሳለ በአፋችን የፊተኛው ብቻ የቀረው ስለ ምን ነው? እኔ ሳስበው ሁለተኛው ተአምር ስለማይመስል ነው። ጫማውን አጥልቆ፣ ሥራውን አውቆ፣ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው አሸነፈ ቢባል ለጨዋታ አይጥምም። አንድ ወጣት ግን ሊከተለው የሚችለው ይህንኑ የማይጥመውን ነው።

ከቶኪዮ በኋላ ያለው ደግሞ ጨርሶ ተረስቶአል። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሦስተኛውን ውድድር ጀምሮ፣ ሕመም ስለ ነበረበት ገና ከግማሹ ሳይደርስ አቋረጠ፤ ያን ቀን ያሸነፈው ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነበረ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መኪናው ተገልብጦ ጉዳት ደረሰበት፤ ከዚያ ወዲያ እግሮቹ አልታዘዙትም። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደ። እዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ፤ በአካል ጉዳተኞች ውድድርም ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

በብዙ ዘመን ውስጥ ከተማሪዎቼ መካከል ይህን የሕይወቱን ክፍል ጽፎ ያመጣልኝ አንድ ስንኳ አላገኘሁም። ለእኔ ግን ከሮማው ሯጭ ይልቅ የስቶክ ማንድቪሉ ቀስተኛ የበለጠ አርአያ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በሮማ አደባባይ ሮጦ መግባት ለአንተ ይደርስህ ወይም አይደርስህ እንደ ሆነ አላውቅም፤ የምትመካበትን ነገር ድንገት ማጣት ግን ለሰው ሁሉ የሚደርስ ነው። በዓለም ላይ ፈጣን የነበረ እግር አልታዘዝ ባለ ማግስት ያ ሰው «አሁን የቀረኝ እጄ ነው፤ በእጄ ምን ልሥራ?» ወደሚል አሳብ መሄዱን ማወቅ ለአንድ የአዳይቱ ልጅ የሚጠቅመው ከባዶ እግሩ ታሪክ አብልጦ ነው።

የአገራችን ሰዎች ታሪክም እንዲሁ ተቈርጦ የሚነገር ነው። የአፋር ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጽፉልኝ የሱልጣን ዓሊ ሚራህ ሐንፈሬን ስም ነው። የሚጻፈውም ስለ ሰንደቅ ዓላማ ተናገሩት የሚባለው አንድ ቃል ብቻ ነው። በአውሳ የጥጥ እርሻ እንዲስፋፋ ማድረጋቸው፣ በ1967 ዓ.ም. ከደርግ ጋር ተጣልተው መሰደዳቸው፣ ደርግ ከወደቀ በኋላም ወደ አገራቸው መመለሳቸው አይነሣም። አንድ ዐረፍተ ነገር ለመኪና መስታወት ይበቃል፤ የአንድን ሰው ኑሮ ግን አይሸከምም።

የሚያስደንቀኝ ደግሞ ነገርን በትክክል የማስተላለፍ ታላቅ ልማድ በዚሁ በአገራችን በረሓ ውስጥ መኖሩ ነው። አፋሮች ዳጉ ይሉታል። ሁለት መንገደኞች የተገናኙ እንደ ሆነ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ጥላ ፈልገው ይቀመጡና አንዱ ለሌላው ያየውንና የሰማውን ይነግረዋል። ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የታመመ ማን እንደ ሆነ፣ በመንገድ ምን ዓይነት እንግዳ ሰው እንደ ታየ፣ ሰላም የት እንደ ደፈረሰ ሁሉ ይነገራል። ተናጋሪው ራሱ ያየውን ከሌላ ከሰማው ይለያል። ሰሚውም እየጠየቀ በጥንቃቄ ያዳምጣል፤ የሰማውንም ለሚቀጥለው ሰው እንዳለ የማድረስ ግዴታ አለበት። በዳጉ የዋሸ ሰው በሕዝቡ ዘንድ የተዋረደ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውሃ በሌለበት ውሃ አለ ተብሎ የተነዳ መንጋ አይመለስምና።

እኛ ደጋዎቹ ደግሞ ፉከራና ቀረርቶ አለን። እርሱንም አልንቀውም፤ በጦርነት ዋዜማ የሚንቀጠቀጠውን ጉልበት ያጸናል። ነገር ግን በፉከራ መካከል ተነሥቶ «ውሃው ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ ፈሪ ይቈጠራል። የጀግና ታሪክ አነጋገራችን ሁሉ ከፉከራ የተወለደ ይመስለኛል። የዓድዋን ዘማች ስናወድስ ስንቁን ማን ፈጭቶ እንዳዘጋጀለት፣ በስንት ቀን እንደ ደረሰ፣ ምን እየበላ እንደ ሄደ ጨርሶ ትዝ አይለንም። ከዳጉ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነበረ።

በመጻሕፍት ረገድ አባቶቻችን መልካም ጅምር አሳይተውን ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ መሆኑን በርእሱ ላይ ገልጠዋል፤ ለእናንተ ለወጣቶች ተብሎ የተጻፈ ነው ማለት ነው። ከእርሳቸው በኋላ ከበደ ሚካኤል «ታላላቅ ሰዎች» በተባለው መጽሐፍ የዓለምን ስመ ጥር ሰዎች በጣፋጭ አማርኛ አስተዋወቁን። በእነዚህ ላይ የምሰነዝረው ትችት የለኝም። ትችቴ እነርሱን አይተው በተነሡት ላይ ነው። አጭር የነበረውን ይበልጥ አሳጠሩት። ገጹ አንቀጽ ሆነ፣ አንቀጹ መስመር ሆነ፣ አሁን ደግሞ በስልክ ላይ ከፎቶግራፍ በታች የሚነበብ ግማሽ መስመር ሆኖ ቀረ። ከበደ ሚካኤል ስለ ጃፓን የጻፉትን መጽሐፍ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» እንዳሉት ልብ በሉ። «ጃፓን ሠለጠነች» ብለው ማወደስ ይችሉ ነበር። «እንደምን» የምትለዋ ቃል ግን የመጽሐፉ ሁሉ ቁልፍ ናት፤ ዛሬ ከየጀግናው ታሪክ ላይ ተፍቃ የጠፋችውም እርስዋው ናት።

ሌላም የሚቈረጥ ነገር አለ። እኔ በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ስለ ትምህርቱና ስለ ሥርዓቱ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን እዚያ ይነበብልን የነበረው የሊቪንግስተን ታሪክ ሁልጊዜ ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሊቪንግስተን ተጓዘ፣ ሊቪንግስተን ታመመ፣ ሊቪንግስተን ተንበርክኮ ሞተ ይባላል። ከዚያስ በኋላ ሬሳው በራሱ ተነሥቶ ወደ ለንደን ሄደን? በአውሮፓ አቆጣጠር በ1873 በዛሬይቱ ዛምቢያ ውስጥ በሞተ ጊዜ ልቡን በዚያው ቀብረው፣ ሥጋውን በፀሐይ አድርቀው፣ ወራት የፈጀ መንገድ ተሸክመው እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያደረሱት ሱሲና ቹማ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው። እነዚህን ስሞች ያወቅሁት ጐልምሼ በራሴ ሳነብ ነው። ያን የሚያህል አደራ መጠበቅ ለማንኛችንም የሚቻል ሥራ ነበር፤ አዲስ ፏፏቴ ማግኘት ግን ለጥቂቶች ብቻ ነው። ልጆች ሳለን የተነገረን የማይቻለው ብቻ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስም ያው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐመው ኦነሲሞስ ነሲብ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ በልጅነቱ በባርነት የተሸጠ፣ ኋላም ነፃ ወጥቶ የተማረ ሰው ነበረ፣ ክብሩም ይገባዋል። ነገር ግን አስቴር ጋኖን የሚያውቃት ማን ነው? እርስዋም እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች ነበረች። ምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ለትርጕሙ መሠረት የሆነውን የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ ተረቱን፣ እንቈቅልሹን፣ ዘፈኑንም ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ለታተመውም የማንበቢያ መጽሐፍ ከኦነሲሞስ ጋር ሠራች። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ታትሞ ሲወጣ ግን የእርስዋ ስም አልተጻፈበትም። ጀግናውን ብቻውን ካላቆምነው የሚያንስ ይመስለናል፤ ስለዚህ በግራና በቀኙ ያሉትን እንገፋቸዋለን። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ታላቅ ሥራ የሚሠራው ብቻውን በቆመ ሰው ነው ብሎ ያምናል፤ ረዳት መሆንንም እንደ ውርደት ይቈጥረዋል።

ከታሪኮች ሁሉ ይህን ጕዳይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ማሚቱ በ1950ዎቹ ዓመታት ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የመጣች፣ ፊደል ያልቈጠረች ወጣት ሴት ነበረች። ለብዙ ቀናት አምጣ ልጅዋ ሞቶ ተወለደ፤ ከምጡም የተነሣ ፌስቱላ የሚባለው ጕዳት ደረሰባት። በዚያን ጊዜ በሆስፒታሉ የሚሠሩት በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ባልና ሚስት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን ነበሩ። ከታከመች በኋላም ከዚያው ከሆስፒታሉ አልራቀችም። በመጀመሪያ የሠራችው የበሽተኞች አልጋ ማንጠፍ ነው። ቀጥሎም ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል ጀመረች። ሐኪሙ የሚጠይቀውን ከመጠየቁ በፊት ታውቀው ዘንድ እጁን አተኵራ ትመለከት ነበር። ከዚያ ጥቂት ጥቂቱን እንድትሠራ ተፈቀደላት፤ ጥቂቱ እየበዛ ሄዶ በመጨረሻ ራስዋ ቀዶ ሕክምናውን የምትፈጽም ሆነች። ከውጭ አገር የሚመጡ የተማሩ ሐኪሞች እንኳ ይህን ሥራ ከእርስዋ ተማሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 በለንደን የሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ማኅበር ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳይ ሰጣት።

ይህ ታሪክ በየጋዜጣው ሲነገር እንዴት ይነገራል? «ያልተማረችው ሴት ቀዶ ሐኪም ሆነች» ተብሎ ነው። ይህም የባዶ እግሩ ታሪክ ወንድም ነው። መጀመሪያውንና መጨረሻውን አጋጥሞ መካከሉን ያወጣዋል፤ ወጣቱም ማንበብና መጻፍ ሳይማሩ ሐኪም መሆን የሚቻል ይመስለዋል፤ ወይም ደግሞ ተአምር ነው ብሎ ይተወዋል። መካከሉ ግን አልጋው ነው፣ መቀስ ማቀበሉ ነው፣ በትዕግሥት ማየቱ ነው። በመግቢያዬ አርአያ ከማየት የወጣ ቃል ነው ያልሁትን እዚህ ላይ በሥራ እናገኘዋለን። ማሚቱ የሐኪሙን ዝና አልቀዳችም፤ የቀዳችው የእጁን አካሄድ ነው።

ይህን ታሪክ መካከሉን ሳልቈርጥ ለክፍል ተማሪዎች ባነበብሁ ጊዜ ልጃገረዶቹ ጸጥ ብለው ሰሙ። ምጥ የያዛት ሴት ከከብት ጠባቂው ሰፈር ተነሥታ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ምን ያህል መንገድ እንደምትሄድ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ከመካከላቸው አንዲቱ በሚቀጥለው ሳምንት ልትመስለው ስለምትወደው ሰው ስትጽፍ፣ የዳቦይታውን ሰሌን የምትሠራውን፣ ሰፈር በተነሣ ቍጥር ቤቱን አፍርሳ በግመል ጭና፣ በደረሱበት ቦታ ከመምሸቱ በፊት መልሳ የምታቆመውን እናትዋን ጻፈች። ስለ እናትዋም ሦስተኛውን ጥያቄ አምስት ገጽ ሞልታ መለሰችው። ከዚያ በፊት ማንም ከሁለት መስመር አልፎልኝ አያውቅም ነበር።

አንድ ወዳጄ ይህን አሳቤን ሰምቶ «ጀግናን እንዲህ ካራቈትኸው ለልጆቹ ምን ይቀርላቸዋል? ድካሙንና ውድቀቱን ከነገርሃቸው ገና ሳይነሡ ተስፋ ይቈርጣሉ» አለኝ። ቀላል ነገር አልተናገረም። ዛሬ የታላላቅ ሰዎችን ጓዳ እየከፈቱ ነውራቸውን በመለቃቀም የሚደሰቱ ሰዎች ሞልተዋልና። እኔ ግን የምጠይቀው ነውሩን አይደለም፤ ውሃው የት እንዳለ ነው። የመንገዱን ርዝመት የሰማ መንገደኛ ተስፋ አይቈርጥም፤ ስንቁን ያስተካክላል። ተስፋ የሚቈርጠው ቅርብ ነው ተብሎ የወጣው ነው።

ይህንም የምለው በወረቀት ላይ ላለ ነገር ብቻ አይደለም። በአዳይቱ በኩል የሚያልፈው መንገድ በሚሌና በሎጊያ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይወስዳል፤ ከዚያም ወጣቶች በአሳል ሐይቅ በረሓ በእግራቸው እየሄዱ እስከ ኦቦክ ይደርሳሉ፤ ከኦቦክም በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም የጦርነቱን አገር አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሻገራሉ። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ጎዶርያ በሚባለው የጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ይህን መንገድ የሚጀምር ልጅ ሁሉ አንድ አርአያ አለው። አርአያውም ባሕር ተሻግሮ፣ ገንዘብ ልኮ፣ ለእናቱ የቆርቆሮ ቤት ያሠራ የሰፈሩ ልጅ ነው። ቤቱ ይታያል፤ መንገዱ አይታይም።

ካስተማርኋቸው አንዱ መጥቶ «መምህር፣ ልሄድ ነውና ይመርቁኝ» አለኝ። ማንን አይቶ እንደሚሄድ ብጠይቀው የአንድ ተመላሽ ጎረቤቱን ስም ጠራልኝ። «በበረሓው ስንት ቀን ሄደ? ውሃ ማን ሰጠው? በጀልባው ስንት ሰዎች ነበሩ? ከእነርሱ ውስጥ ወደ ምድር የወጡት ስንት ናቸው? ገንዘቡን ለመላክ ከመቻሉ በፊት ስንት ጊዜ ታሰረ?» አልሁት። አንዱንም አላወቀውም። «አይናገርም፤ መምህር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አይናገርም። ቤቱን ያየው ሰው ሁሉ ጀግና ብሎታልና ይህን ስም በመንገዱ ወሬ ሊያበላሸው አይወድም።

ይህን ወጣት አልመረቅሁትም፤ አልከለከልሁትምም፤ «አብረን እንሂድና ዳጉ እንጠይቀው» አልሁት። ሄድን። ተመላሹ መጀመሪያ ሳቀ፤ ነገር ግን አሠራሩን በደንብ የሚያውቅ የአገሩ ልጅ ነውና፣ ሰሌን ዘርግቶ ሻይ አስመጥቶ ተቀመጠ። ከቀትር በኋላ የጀመረው እስከ ምሽት ድረስ ዘለቀ። ራሱ ያየውን ለይቶ፣ የሰማውን ለይቶ ነገረን። የሁለት ጓደኞቹን ስም ጠርቶ የቀሩበትን ቦታ ነገረን፤ በዚያን ጊዜ እናቱ ከውስጥ ሆና ትሰማ ስለ ነበረ ተነሥታ ወጣች። በሳዑዲ የሠራው ፍየል ጥበቃ ነው፤ ያንኑ ሥራ እዚህ ጥሎት የሄደውን ማለት ነው። በሦስተኛው ዓመት ተይዞ በአውሮፕላን ተመለሰ። የላከው ገንዘብ ከቤቱ አልፎ የተረፈ አልነበረም።

ወጣቱ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ «አሁንስ ከጧት እስከ ማታ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ጠየቀው።

«ጎሚስታ ቤት ነኝ። የከባድ መኪና ጎማ መፍታትና መለጠፍ እየተማርሁ ነው» አለው።

«በስንት ሰዓት ትገባላችሁ?»

«ፀሐይ ሳትወጣ። ቀን ላይ ብረቱ አይነካም።»